ሳይቃጠል በቅጠል፦ ክሬንን በቁልቁለት ስለ ማሽከርከር፣ ስለ መግታትና ስለ ማቆም



ዛሬ የምናገረው በመኪና ላይ ስለተገጠመ ክሬን ነው፤ እንዴት እንደሚነዳ፣ እንዴት እንደሚገታ፣ እንዴትስ እንደሚቆም። አንዳንድ ባልደረቦቼ ርእሱን ሲሰሙ «ይህ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ጉዳይ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነውን?» ብለው ቀልደውብኛል። ቀልዱን በደስታ ተቀብያለሁ። ይሁንና በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት ተማሪዎች ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የግንባታ ሥራ መሪዎች ይሆናሉ። ክሬኑን አይነዱትም፤ ነገር ግን መቼ እንደሚደርስ፣ የት እንደሚቆም፣ ስንት ሰዓት እንደሚሰጠው የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ነው ብዬ አምናለሁ።

በአገራችን መንገድ ላይ ከባድ አደጋ በደረሰ ቁጥር የምንሰማት አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር አለች፤ «ፍሬን እምቢ አለኝ» የምትል። ይህች ዐረፍተ ነገር ፍሬንን እንደ ሰው ታየዋለች፤ ሲወድድ የሚታዘዝ፣ ሲያኮርፍ የሚያምፅ አድርጋ ትሥለዋለች። ከተነገረች በኋላ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም፤ እምቢ ያለው ፍሬኑ ነውና። እኔም በወጣትነቴ ይህችኑ ዐረፍተ ነገር በዘገባ ላይ ጽፌ ፈርሜባታለሁ። እንዴት እንደፈረምሁ ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። አስቀድመን ግን ፍሬን ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል እንመልከት።

ጭነቱን የማያራግፍ መኪና

ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ የሚያመላልስ አሽከርካሪ ጭኖ ይመጣል፤ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይሄዳል። መኪናውን በሁለት ጠባዩ ያውቀዋል፤ ፍሬኑም ቢሆን የሚያርፍበት ጉዞ አለው። ክሬን እንዲህ ያለ ዕረፍት የለውም። ክንዱ፣ የገመድ ማጠንጠኛው፣ የክብደት ማመጣጠኛው፣ ደጋፊ እግሮቹና የሃይድሮሊክ ዘይቱ ሁልጊዜ አብረውት ናቸው። 50 ቶን ያነሣል የሚባለው የተለመደ ክሬን ምንም ሳያነሣ ራሱ 40 ቶን ገደማ ይመዝናል። በሌላ አነጋገር፣ ክሬን ከፋብሪካው ከወጣበት ቀን ጀምሮ እስከሚጣልበት ቀን ድረስ ጭኖ የሚሄድ መኪና ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ቁመቱ ነው። ከባዱ ብረት የተከመረው ከሻንሲው በላይ ስለሆነ የስበት ማዕከሉ ከፍ ያለ ነው። ራዲየሱ 30 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚዞር ክሬን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል የክብደቱን 24 በመቶ ያህል ነው። ያው ክሬን ያንኑ ኩርባ በ40 ቢዞር ግፊቱ 42 በመቶ ይሆናል። ፍጥነቱ የጨመረው በሲሶ ብቻ ነው፤ ግፊቱ ግን ወደ እጥፍ ተጠጋ፤ ምክንያቱም ፍጥነት በዚህ ስሌት ውስጥ የሚገባው በራሱ ተባዝቶ ነው። የስበት ማዕከላቸው ከፍ ያለ ከባድ ተሽከርካሪዎች ብዙ ጊዜ መገልበጥ የሚጀምሩት ግፊቱ ከክብደታቸው ከ30 እስከ 40 በመቶ ሲደርስ ነው። እንግዲህ በሰላም በመዞርና በመገልበጥ መካከል ያለው ርቀት በፍጥነት መለኪያው ላይ ከአንዲት ጣት ስፋት አይበልጥም።

ሦስተኛው ልዩነት ክንዱ ነው። ተጋድሞ ከጋቢናው ፊት አልፎ ይወጣል፤ በጎኑም የአሽከርካሪውን እይታ ይጋርዳል። በጠባብ ኩርባ ላይ ጎማዎቹ በመንገዱ ውስጥ እያሉ የክንዱ ጫፍ የሌላውን መኪና መስመር ሊጠርግ ይችላል። ስለዚህም ከመነሣት በፊት የሚደረገው ምርመራ ከተራ የጭነት መኪና ይበልጣል። ክንዱ በማረፊያው ላይ ተኝቶ መሽከርከሪያው መቆለፍ አለበት። መንጠቆው ታስሮ እንዳይወዛወዝ መደረግ አለበት። ደጋፊ እግሮቹ ተሰብስበው ቁልፍ ፒናቸው መግባት አለበት፤ ፒን ያልገባለት እግር በኩርባ ላይ ወደ ውጭ ተንሸራትቶ በመንገድ ዳር የሚሄድን ሰው ሊመታ ይችላልና። ከሞተሩ ወደ ሃይድሮሊክ ፓምፑ ኃይል የሚያስተላልፈው ማርሽም መለቀቁ መረጋገጥ አለበት። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው።

የቁልቁለት ሒሳብ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሄደ ሁሉ የዓባይን በረሃ ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ እስከ ድልድዩ ድረስ መንገዱ በ20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት 1,400 ሜትር ያህል ይወርዳል። ይህም በአማካይ 7 በመቶ ቁልቁለት ማለት ነው፤ በየመቶው ሜትር ሰባት ሜትር መውረድ። መሬቱ የሚንሸራተት በመሆኑ አስፋልቱ በየቦታው ይሰምጣል፤ ይታጠፋል።

አንድ ባለ 40 ቶን ክሬን ጎሐ ጽዮን ላይ ሲቆም በከፍታው ምክንያት ያከማቸው ጉልበት አለ። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ያ ጉልበት የለም። የት ሄደ? ጉልበት አይጠፋም፤ መልኩን ይለውጣል። በሰላም የወረደ ክሬን ጉልበቱን ወደ ሙቀት ለውጦታል። መጠኑ 550 ሜጋ ጁል ያህል ነው። ይህ ቁጥር ለብዙዎቻችን ደረቅ ስለሆነ በሌላ መንገድ ልግለጸው። በዚህ ሙቀት ስምንት በርሜል ቀዝቃዛ ውኃ ማፍላት ይቻላል። ወይም 15 ሊትር ያህል ናፍጣ ሲነድ የሚወጣው ሙቀት ነው። ከዚህ ውስጥ ጎማውና ነፋሱ የሚወስዱት ከአሥር እጅ አንዱን ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ብቻ ነው። የቀረውን አንድ ነገር መውሰድ አለበት፤ ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ።

አሁን ከሜዳ መንገድ ጋር እናነጻጽረው። ያው ክሬን በሜዳ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ በአንድ ጊዜ ቢቆም ፍሬኑ የሚቀበለው ሙቀት 5.5 ሜጋ ጁል ያህል ነው። ስለዚህ የዓባይን በረሃ አንድ ጊዜ በፍሬን ብቻ መውረድ፣ ፍሬኑ ሳይቀዘቅዝ ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መቶ ጊዜ ያህል ከመቆም ጋር እኩል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ፍሬኑን ሞከርሁት፤ ጥሩ ነው» ያለ አሽከርካሪ አልዋሸም፤ ግን የሞከረው ከመቶው አንዱን ነው።

ሌላው ነገር ጊዜ ነው። የሙቀቱ ድምር አሽከርካሪው ቢፈጥንም ቢዘገይም ያው ነው፤ ከፍታው አይለወጥምና። የሚለወጠው በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሚመጣ ነው። ቁልቁለቱን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ክሬን 40 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ የሚያመነጨውም ሙቀት በየቅጽበቱ 230 ኪሎ ዋት ያህል ነው። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይፈልጋል ብንል፣ ከስድሳ በላይ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ተጥደዋል ማለት ነው። በሰዓት 60 የሚወርደው ደግሞ ከመቶ ሃያ በላይ ምጣዶች ጥዷል። እነዚህን ሁሉ ምጣዶች በጎማዎቹ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ አስቀምጧቸው፤ ከዚያም ፍሬኑ እምቢ ሊል ይገባው እንደነበር ራሳችሁ ፍረዱ።

ሙቀቱን ማን ይቀበል?

የፍሬን ታምቡር የምንለው ክብ ብረት የሚቀዘቅዘው በነፋስ ብቻ ነው። ሞተሩ ግን የሚዘዋወር ውኃ፣ ራዲያተርና ማራገቢያ አለው፤ ሙቀትን ለማስወገድ የተዘጋጀ አካል ነው። ስለዚህ በረጅም ቁልቁለት ላይ ክሬኑን መያዝ ያለበት ሞተሩ ነው፤ ፍሬኑ የሚረዳው ብቻ ነው። ይህ የሚሆነው በከባድ ማርሽ ሲወረድና የሞተር ፍሬን ሥራ ላይ ሲውል ነው። ማርሹን ወደ ፎሌ ያወጣ ወይም ፍሪሲዮን ረግጦ የሚወርድ ሰው ሞተሩን ከጎማው ለይቶታል፤ ጥቂት ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ 550 ሜጋ ጁሉን በሙሉ ለታምቡሩ አሸክሞታል።

ከመጠን በላይ በጋለ ታምቡር ውስጥ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይሆናሉ። የፍሬኑ ሸራ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ታምቡሩም በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል፤ አየር የሚገፋው ዘንግ ሸራውን ለማድረስ ከወትሮው የበለጠ ርቀት መሄድ ይኖርበታል። ዘንጉ የሚሄድበት ርቀት ውስን ነው። መጨረሻው ላይ ከደረሰ አሽከርካሪው ፔዳሉን እስከ ወለሉ ቢረግጠውም የሚጨምረው ነገር የለም። አስቀድሞ በትክክል ያልተስተካከለ ፍሬን ደግሞ ይህን ርቀት ገና ጎሐ ጽዮን ላይ ሳለ ግማሹን ጨርሶታል።

አንድ ነገር ልጨምር። በትናንሽ መኪኖች ላይ ፍሬን ሲዳከም እግራችን ይነግረናል፤ ፔዳሉ ይለሰልሳል። በአየር ፍሬን ግን ፔዳሉ የሚከፍተው የአየር በር ነው። ታምቡሩ ቢግልም ባይግልም እግር ላይ የሚሰማው ያው ነው። ስለዚህ የአየር ፍሬን ያለው ከባድ መኪና አሽከርካሪ እግሩን ማመን የለበትም። ማመን ያለበት ዓይኑን፣ አፍንጫውንና ሰዓቱን ነው፤ የግፊት መለኪያውን ማየት፣ የሸራ ጠረን ማሽተት፣ ያው ፍጥነት ለመቀነስ ከቀድሞው የበለጠ ጊዜ እየፈጀ መሆኑን ማስተዋል።

የደጋው አየርም ድርሻ አለው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ኮምፕሬሰሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ያንሳል፤ ማጠራቀሚያውን ለመሙላት የሚፈጀው ጊዜም ይረዝማል። ፍሬኑን ደጋግሞ የሚረግጥና የሚለቅ አሽከርካሪ ኮምፕሬሰሩ ከሚተካው በላይ አየር ሊያባክን ይችላል። ለዚህ ነው ከመውረድ በፊት መለኪያው መሙላቱን ማየት፣ ሞተሩን አጥፍቶ ፍሬኑን ለአንድ ደቂቃ ረግጦ መያዝና ግፊቱ ከ0.2 ባር በላይ አለመውረዱን ማረጋገጥ የሚያስፈልገው። በማጠራቀሚያው ሥር የሚጠራቀመውን ውኃና ዘይት በየዕለቱ ማፍሰስም እንዲሁ ነው፤ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር ብርድ ያ ውኃ ወደ በረዶ ተለውጦ የአየሩን መንገድ ሊዘጋ ይችላል።

እንዴት እንውረድ?

በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ገና ተመርቄ በጎጃም በሚካሄድ አንድ የድልድይ ሥራ ላይ ረዳት መሐንዲስ ሳለሁ፣ ክሬን ይዞ ከአዲስ አበባ ከሚመጣ አንድ አዛውንት አሽከርካሪ ጋር በጋቢና ተቀምጬ ተጉዣለሁ። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው ወረዱ። እያንዳንዱን ጎማ እየዞሩ ቸርኬውን በእጃቸው ዳሰሱ፤ ረዳታቸውን ከሥር አስገብተው የፍሬኑን ዘንጎች አሳዩት፤ የእግሮቹን ፒን አንድ በአንድ ነኩ። ከዚያም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሻይ አዘዙ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነበር።

«ጋሼ፣ መሸብን እኮ። ሥራው እየጠበቀን ነው» አልኋቸው።

«ልጄ፣» አሉኝ ብርጭቆውን ሳያስቀምጡ፣ «ሥራው ይጠብቃል። ቁልቁለቱ ነው የማይጠብቀው። እኔ ፍሬን የምይዘው እዚህ ነው፤ እዚያ ታች አይደለም።»

በዚያን ጊዜ የሽማግሌ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሁሉንም ስሌት ከሠራሁ በኋላ ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላገኘሁለትም። በቁልቁለት ላይ ወሳኙ የፍሬን ሥራ የሚፈጸመው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት በትክክል ለታምቡር የተባለ ይመስላል።

እርሳቸው ያደረጉትን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። መጀመሪያ፣ ሜዳው ላይ ሳሉ ማርሽ መረጡ። ቀድሞ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይባል ነበር፤ ዘመናዊ መኪኖች ግን ኃይለኛ ሞተር ስላላቸው ዳገቱን በቀላል ማርሽ ይወጡታል፤ ስለዚህ ለመውረድ ከዚያ የከበደ ማርሽ ያስፈልጋል። ቁልቁለት ውስጥ ገብቶ ማርሽ ለመቀየር መሞከር አደገኛ ነው፤ ከፎሌ ወጥቶ የከበደውን ማርሽ ማስገባት ሳይቻል ሊቀር ይችላልና።

ቀጥሎ፣ ለራሳቸው የፍጥነት ወሰን አበጁ። ለምሳሌ ወሰኑ 30 ቢሆን፣ መለኪያው 30 ሲነካ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ለሦስት ሰከንድ ያህል መርገጥና ወደ 22 ገደማ ሲወርድ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ነው። ሞተሩ እየያዘው ቀስ ብሎ እንደገና 30 እስኪደርስ ድረስ ታምቡሩ ነፋስ ያገኛል። ፍሬኑን በስሱ እንደረገጡ ያለ ዕረፍት መውረድ ታምቡሩን ፋታ ይነሣዋል። መለኪያው ላይ 30 ከደረሰ በኋላ «ጥቂት ይሂድ» ማለትም የለም፤ ወሰን ወሰን ነው።

በመጨረሻም፣ አዛውንቱ ከኋላ የተሰለፈውን ጥሩምባ አልሰሙም። ሰፋ ያለ ሜዳ ሲያገኙ ዳር ይዘው ሌሎቹን ያሳልፋሉ፤ በዚያው ቆመው ጎማዎቹን ያያሉ፤ ይቀጥላሉ። የጋለ ጎማ ሲያገኙ የእጅ ፍሬኑን አጥብቀው አይሄዱም ነበር፤ የጋለ ታምቡር ላይ ፍሬን ቆልፎ መተው ፍሬኑን ሊጎዳው ስለሚችል፣ በታኮ አስደግፈው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ ነበር።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ፍሬን ቢዳከምስ? መልሱ አንድ ነው፤ ቀድሞ መወሰን። ፍጥነቱ ገና ዝቅ ያለ ሳለ መኪናውን ከገደሉ በተቃራኒ ወዳለው የተራራ ጎን፣ ወደ ቦዩ ወይም ወደ ልል አፈር ማስጠጋት ብረት ያበላሻል፤ ሰው ግን ሊያተርፍ ይችላል። «እስኪ ቀጣዩን ኩርባ ልለፍ» ማለት ያንን ዕድል ያሳልፋል።

የቆመ ክሬን በእርግጥ ቆሟልን?

ብዙዎቻችን አደጋ የመንዳት ጉዳይ ነው ብለን እናስባለን። መኪናው ከቆመ፣ ሞተሩ ከጠፋ ሁሉም ያለቀ ይመስለናል። ክሬን ግን ሥራውን የሚጀምረው ሲቆም ነው።

በከባድ መኪናዎች ላይ የእጅ ፍሬን የሚይዘው በጠንካራ ሞላ ነው። አየሩ ሞላውን ወደ ኋላ ጨፍልቆ ጎማውን ይለቃል፤ አየሩ ሲወጣ ሞላው ተፈናጥሮ ጎማውን ይቆልፋል። ይህ መልካም ጥበብ ነው፤ አየር ሲጠፋ መኪናው ይቆማል እንጂ አይለቀቅም። ነገር ግን በብዙ ክሬኖች ላይ ይህ ሞላ የተገጠመው በኋላ ጎማዎች ላይ ብቻ ነው። የፊት ጎማዎች የእጅ ፍሬን የላቸውም፤ በነፃ ይሽከረከራሉ።

አሁን ክሬኑ ለማንሣት ሲዘጋጅ ምን እንደሚሆን አስቡ። ደጋፊ እግሮቹ ይዘረጋሉ፤ ጎማዎቹም ከመሬት ይነሣሉ። የኋላ እግሮች አስቀድመው ከወረዱ የሚነሡት የኋላ ጎማዎች ናቸው፤ ፍሬን ያለባቸው እነርሱ። ፍሬኑ እንደተቆለፈ ነው፤ ግን የቆለፋቸው ጎማዎች አየር ላይ ናቸው። መሬት የነኩት የፊት ጎማዎች ደግሞ ፍሬን የላቸውም። ቦታው ጥቂት እንኳ ዘንበል ያለ ከሆነ 40 ቶኑን የያዘው የእግሮቹ መቆሚያ ከመሬቱ ጋር ያለው ግጭት ብቻ ነው።

ከዚያ የዓባይ ጉዞ አሥር ቀን በኋላ ክሬኑን ወደ ሌላ ቦታ አዛወርነው። ክረምት ነበር፤ መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፤ ከ8 በመቶ ያህል ዘንበል ይላል። አዛውንቱ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ነበር፤ በቦታው የነበረው ኦፕሬተር እንደ እኔ ወጣት ነው። ቦታውን ማስተካከልና ታኮ መፈለግ ግማሽ ሰዓት እንደሚወስድ ነገረኝ። ደመናው እየከበደ ነበር፤ የሲሚንቶ ሥራው ተዘጋጅቷል። «ቶሎ አቁመው» አልሁት። በእነዚሁ ሁለት ቃላት።

የሚነሣው ዕቃ ከኋላ ስለነበር የኋላ እግሮችን አስቀድሞ አወረደ። ጎማዎቹ ከመሬት አራት ጣት ያህል ተነሡ። 40 ቶን በ8 በመቶ ተዳፋት ላይ ወደ ታች የሚጎትተው ኃይል ከ3 ቶን ይበልጣል። በእግሮቹ ሥር የተነጠፉት ጣውላዎች በረጠበው ጭቃ ላይ ሲንሸራተቱ አየሁ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ክሬኑ ጥቂት ሜትሮች ሄዶ የፊት ጎማው ቦይ ውስጥ ሲገባ ቆመ። ረዳቱ ግን ከፊት ጎማው ሥር የሚያኖረው ድንጋይ በእጁ ይዞ ወደዚያው እየሄደ ነበር። ማንም ሳያዝዘው፣ እኔ የከለከልሁትን ሥራ ሊሠራ ነበር የሄደው። በሕይወት ተረፈ፤ አንድ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጣ። የሃያ ዓመት ልጅ ነበር።

በማግሥቱ ዘገባውን የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። «የክሬኑ የእጅ ፍሬን እምቢ በማለቱ» ብዬ ጀመርሁ፤ ፈረምሁም። መካኒኮች መጥተው ፍሬኑን መረመሩ፤ ምንም እንከን አላገኙበትም። የኋላ ጎማዎቹ እንደተቆለፉ ነበሩ። ፍሬኑ የተሰጠውን ሥራ እስከ መጨረሻው ሠርቷል፤ እምቢ አላለም። እምቢ ያልሁት እኔ ነኝ፤ ግማሽ ሰዓት አልሰጥም ያልሁት።

ያንን ዘገባ ለማስተካከል ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ልጁን፣ ዛሬ የልጆች አባት ነው፣ አንድ ቀን ከሱቁ ሄጄ እውነቱን ነገርሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «እኔ እኮ ድንጋዩን ዘግይቼ አመጣሁት ብዬ ነበር ራሴን ስወቅስ የኖርሁት» አለኝ። አንዲት የውሸት ዐረፍተ ነገር ማንን እንደምትጎዳ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ የማቆሙን ሥርዓት ሳላሳጥር ልናገር። ቦታው የተደለደለና ጠንካራ ይሁን፤ በቅርቡ የተሞላ አፈር፣ የቦይ ዳርና የተቀበረ ቧንቧ ያለበት ቦታ ይወገድ። የእጅ ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ፣ ደጋፊ እግሮቹ ከመነካታቸው በፊት፣ በፊት ጎማዎችም በኋላ ጎማዎችም በሚወርድበት በኩል ታኮ ይግባ። መዘንበል የማይቀር ከሆነ የማሽኑ መመሪያ የሚፈቅደው ወሰንና የእግሮቹ ቅደም ተከተል ይጠበቅ፤ ፍሬን ያላቸው ጎማዎች ብቻቸውን አይነሡ። እግሮቹ ሲሰበሰቡም ያው ጥንቃቄ ይደረግ፤ የእጅ ፍሬኑ መያዙና ታኮው በቦታው መኖሩ የሚረጋገጠው ጎማዎቹ መሬት ከመንካታቸው በፊት ነው። ሰው በማሽኑ ታችኛ በኩል አይቁም። ማደሪያው መንገድ ዳር ቁልቁለት ከሆነ ደግሞ መሪው ወደ ጠርዙ ይዙር፤ ቢለቀቅ ጠርዙ እንዲይዘው።

ለነገ መሐንዲሶች

ተማሪዎቼ ሆይ፣ አሽከርካሪን ስለ ጥንቃቄ መምከር ቀላል ነው። ነገር ግን አሽከርካሪው የሚቸኩለው ብዙ ጊዜ በራሱ አይደለም። ጎሐ ጽዮን ላይ ለሚደረገው ምርመራ፣ በበረሃው ውስጥ ለሚወስደው የ40 ደቂቃ ዝግታ፣ በሥራ ቦታው ለሚገባው ታኮ በመርሐ ግብራችን ላይ ሰዓት ካልመደብንለት፣ ያንን ሰዓት ከራሱ ሕይወት ወይም ከረዳቱ እግር ላይ እንዲበደር አስገድደነዋል። መርሐ ግብር ስታወጡ ለእነዚህ ነገሮች መስመር ይኑራችሁ። ኦፕሬተሩ «ቦታው አይሆንም» ሲላችሁ የመጨረሻው ቃል የእርሱ ይሁን።

አሽከርካሪዎችና ኦፕሬተሮች ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እናንተ ይህን ሁሉ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የእኔ ድርሻ የእጃችሁን ዕውቀት በቁጥር ማስደገፍ ብቻ ነው። ከእንግዲህ አንድ ወጣት መሐንዲስ ሰዓቱን እያየ ሲያጣድፋችሁ፣ 550 ሜጋ ጁል የሚለውን ቁጥር ንገሩት። ካልገባው ሻይ አዛችሁ አስቀምጡት።